የማሽኑን ሆድ ዕቃ እወቁ
በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 ለብረታ ብረት ሠልጣኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር



ተመራቂዎች፣ የተመረቃችሁት በብየዳና በላሜራ ሥራ ነው። እኔ ግን ስለ ሌዘር መቁረጫ ላውራችሁ፤ ነገ እጃችሁ የሚገባው ማሽን እሱ ነውና።

ጀርመን አገር ትሩምፍ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተ ኩባንያ አለ። በ1950 በርትሆልድ ላይቢንገር የሚባል ወጣት እንደ እናንተው ሙያ ሊማር ገባበት፤ ኋላ መሐንዲስ ሆነ፣ ኩባንያውንም መራው። ትሩምፍ በ1979 ሌዘር የተገጠመለትን የመጀመሪያ የላሜራ ማሽኑን ሲያወጣ ሌዘሩ ከአሜሪካ የተገዛ ነበር። በ1985 ግን አንድ ኪሎዋት ጉልበት ያለውን የራሱን ሌዘር ሠርቶ አቀረበ። እኔ የምወደው በመካከል ያሉትን ዓመታት ነው፤ ከመግዛት ወደ ራስ መሥራት የተሸጋገሩበትን ጊዜ።

እናንተስ ከየት ትጀምራላችሁ? ከጥንቃቄው። የፋይበር ሌዘር ጨረር በዓይን አይታይም፤ ሬቲናን ግን ያቃጥላል። የብየዳ መነጽር አይበቃውም፣ ለዚያው ጨረር የተሠራ መነጽር ይፈልጋል። የመቁረጫውን ሌንስ መከላከያ መስታወት በባዶ ጣት ከነካችሁት የቀረው ቅባት ሙቀት ይሰበስባል፤ መስታወቱ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል።

ጅቡቲ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የባሕሩ አየር ጨዋማና እርጥብ ነው። ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ፣ ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው የሌዘሩም መስታወት ያልበዋል። በዚያ ላይ ጨረር መልቀቅ ማሽኑን መግደል ነው። የማሽኑ መመሪያ የውሃውን ሙቀት ሰንጠረዥ ይሰጣችኋል፤ የክፍሉን እርጥበት ለክቶ ውሃውን የሚያስተካክለው ግን እዚህ ሆኖ የሚሠራው ሰው ነው።

ከውጭ የመጣን ማሽን በራስ እጅ ማስተዳደር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ የፈረንሳዮች ሥራ ነበር፤ ኋላ ግን ድሬዳዋ ጥገና ክፍል ውስጥ መለዋወጫ በቶርኖ የሚቀርጹት የእኛው ሰዎች ሆኑ። ባቡሩ ያን ያህል ዘመን የኖረው በእነሱ እጅ ነው።

የወርክሾፕ ባለቤቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። እነዚህን ልጆች ብረት ለማሸከም ብቻ አትቅጠሯቸው። ከውጭ የመጣ ጠጋኝ የማሽኑን ክዳን ሲከፍት ከጎኑ አቁሟቸው፤ ሲጠይቁም አትቆጧቸው። ተመራቂዎች ሆይ፣ እናንተም ደብተራችሁን ይዛችሁ ቁሙ፤ ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ። ፈጣሪ ይርዳችሁ።