ስለ መኪና ማደሪያችን ወለል ለአባላት የተደረገ ንግግር



በመኪና ማደሪያችን የኮንክሪት ወለል መሀል መሀል የሚታየው ቀጥ ያለ ክፍተት ስንጥቅ አይደለም፤ ሲሠራ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ኮንክሪት ሲሞቀው ይለጠጣል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። 10 ሜትር ወለል በ10 ዲግሪ ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል።

«ሲሚንቶ በጥብጠን እንድፈነው» የሚሉ አባላት አሉ። አሳባቸው ለቁጠባ ነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶ መላወሻ አይሰጥም። ወይ ራሱ ይፈረካከሳል፣ ወይ የወለሉን ጠርዝ ይሰብራል። ክፍት ብንተወውም የክረምት ውሃ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎ ይወስድና ወለሉ በመኪና ክብደት ይሰምጣል። ያን ጊዜ ወጪው የሁላችንም ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አሮጌው ሙሊት ይወጣል፤ አቧራና ዘይቱ ይጸዳል፤ በደንብ ይደርቃል። ከክፍተቱ ትንሽ የሚወፍር የስፖንጅ ገመድ ይጠቀጠቃል። ከላዩ እንደ ጎማ የሚሳብ ፖሊዩሬቴን ይሞላል፤ ጥልቀቱ የስፋቱን ግማሽ ያህል ይሁን። እስኪጠነክር መኪና አይነዳበትም።

ሰኔ ሳይገባ እንጨርሰው። እሑድ ጠዋት መጥረጊያና የሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ ውጡ። መኪና የሌላችሁም አትቅሩ፤ ለለቅሶም ለሠርግም የምንቀመጥበት ወለል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።