የ1936ቷ ጀልባና ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ



አዘጋጆቹ «ከሕክምናው ውጪ ስለምትሠሪው ነገር አጫውቺን» ሲሉኝ፣ ሰው ስለ ምርምርና ስለ ሆስፒታል በሚናገርበት መድረክ እኔ ስለ አሮጌ ጀልባ ላወራ ነው ወይ ብዬ ነበር። ሐሳቡ የእነሱ ስለሆነ ከሰለቻችሁ ወቀሳውን ለእነሱ አድርሱልኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ባለቤቴና እኔ የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በ1936 የተሠራች የጭነት ጀልባ ገዛን። የባሕር አይደለችም፤ የካናል ናት። ካናል ስል ለጀልባ መሄጃ ተብሎ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ማለቴ ነው። ነገሩ የተጀመረው የብሪጅዎተር መስፍን ከማዕድን ማውጫው የድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር ለማጓጓዝ ባስቆፈረው ካናል ነው፤ በ1761 ተከፈተ፣ መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ነበር። በዚያ ዘመን ጭቃ መንገድ ላይ አንድ ፈረስ በጀርባው የሚሸከመውን ታውቁታላችሁ። ያው ፈረስ ዳር ዳር እየሄደ በገመድ ጀልባ ሲጎትት 25 ቶንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ማንቸስተር ውስጥ የከሰል ዋጋ ወደ ግማሽ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሁሉም መቆፈር ጀመረ።

ውሃ ዳገት አይወጣምና ከፍታ ሲያጋጥም «ሎክ» የሚባል በር ይሠራሉ። ጀልባዋ ሁለት በሮች መሐል ትገባለች፣ ኋላው ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጀልባዋ ከፍ ትላለች፣ የፊቱ ይከፈታል። በመካከለኛው እንግሊዝ ያሉት አብዛኞቹ ሎኮች ስፋታቸው 7 ጫማ ስለሆነ ጀልባዎቹም እንደዚያው ሆኑ፦ 2.1 ሜትር ስፋት፣ እስከ 21 ሜትር ርዝመት። ቀጭን ኮሪደር በሉት።

ባቡር ሲመጣ የጭነት ዋጋ ተሰበረ። ጀልበኛው የየብስ ቤት ኪራዩን መክፈል ስላቃተው ሚስቱንና ልጆቹን ጀልባው ላይ ጫናቸው፤ ለቅጥር ሠራተኛ የሚከፍለውም ቀረለት። መኖሪያዋ ከኋላ ያለች ጎጆ ናት፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር። የቁም ሳጥኑ መዝጊያ ሲወርድ ገበታ ይሆናል፣ ሌላው መዝጊያ ሲወርድ አልጋ ይሆናል። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አለ። እዚያ ውስጥ ይወለዳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። የማኅበረሰብ ጤና መምህሮቻችን ቢያዩት ስንት የፈተና ጥያቄ ይወጣው ነበር! በ1877 የወጣው ሕግ ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና በአንዷ ጎጆ ውስጥ ስንት ሰው መኖር እንደሚችል እንዲወሰን አደረገ። ቢሆንም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ለሚያድር ሰው ቋሚ ሐኪም ከየት ይመጣል? ልጆቹም ትምህርት ቤት ስለማይቆዩ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ስቶክ ብሩርን በምትባል መንደር ሲስተር ሜሪ ዋርድ የሚባሉ ሴት ሎኩ አጠገብ ካለው ቤታቸው ሆነው እነዚህን ቤተሰቦች ለብዙ ዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። በ1951 ከመንግሥት ሜዳልያ ተሰጣቸው። እኔ በዚያ መንደር ባለፍኩ ቁጥር፣ ጤና ጣቢያ ታካሚው በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቀመጥ አለበት ብለው ያስተማሩንን አስታውሳለሁ።

ሞተር ወደ ካናል በብዛት የገባው ከ1912 በኋላ ነው። የመጀመሪያው ታዋቂ ሞተር ቦሊንደር የሚባል የስዊድን ሥራ ነበር፤ ባለ አንድ ሲሊንደር። ለማስነሳት ራሱን በእሳት መለብለቢያ ለደቂቃዎች ታግለዋለህ፣ ከዚያ ቮላኖውን በእግርህ ትረግጠዋለህ። ወደ ኋላ ለመሄድ የኋላ ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ ራሱ ሊጠፋ ሲል ነዳጁን በልኩ ሰጥቶ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞር ማድረግ ነው። በትክክል የሚያደርገው ሰው ሲሠራ ማየት ልክ ጥሩ የማደንዘዣ ባለሙያ እንደማየት ነው።

የእኛ ጀልባ ከዚያ ትውልድ በኋላ የመጣች ናት። ግራንድ ዩኒየን የተባለው የጭነት ድርጅት በ1930ዎቹ ብዙ ጀልባ አሠርቶ ነበር፤ ታይታኒክን የሠራው ሃርላንድ ኤንድ ዎልፍ እንኳ ለንደን በነበረው ግቢው ሠርቶለታል። የእኛዋ ከሰሜን፣ ከኖርዝዊች ነው የመጣችው። ሞተሯ ራስል ኒውበሪ ነው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ናፍጣ፣ 18 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በዚህ ጉልበት ሃያ ምናምን ቶን ጭና ሌላ ጀልባም ከኋላዋ ትጎትት ነበር። የካናል ፍጥነት በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ ይበቃታል።

ለምን ገዛችሁት ለምትሉኝ፣ በድምፁ ምክንያት ነው። አጎቴ ወፍጮ ቤት ነበረው። የወፍጮው ሞተር ጠክ ጠክ ሲል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሴቶቹም እህላቸውን ይዘው የሚመጡት እሱን ሰምተው ነው። አንድ እሑድ ካናሉ ዳር ስንሄድ ያው ድምፅ መጣ። የጭስ ማውጫው ላይ እንኳ ዝናብ እንዳይገባ ጣሳ ደፍተውበታል፣ ልክ እንደ አጎቴ! ባለቤቴ ፊቴን አይቶ «ይኼ ነገር ገንዘብ ሊያስወጣን ነው» አለ። አስወጣን። እስካሁን የጥገናው ወጪ ከመግዣው በልጧል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አሮጌ ጀልባ የሚገዛ ሰው ከውሃ ሳትወጣ ዋጋ መነጋገር የለበትም። ደረቅ ቦታ ትወጣለች፣ መርማሪው በመዶሻ እያንኳኳ ይሰማል፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ ያወጣል። አዎ፣ አልትራሳውንድ። ጄል ይቀባል፣ መመርመሪያውን ላሜራው ላይ ያደርጋል፣ ማሚቶው ሄዶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ይለካል። ልዩነቱ ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል በሰከንድ 1,540 ሜትር ሲሄድ በብረት ወደ 5,900 ሜትር መሄዱ ነው። የእኛዋ ላሜራ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ነበር የተሠራው። ንባቡ 5.1፣ 4.8፣ 5.0 እያለ መጣና በግራ በኩል፣ የውሃው መስመር ላይ 3.2 አለ። ኢንሹራንሶች በብዛት የሚፈልጉት ከ4 እንዳያንስ ነው።

እዚህ ጋ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአሮጌው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል። ግን ክብደት ይጨምራል፣ በሁለቱ መሐል እርጥበት ከገባ ዝገቱ ተደብቆ ይቀጥላል። ቁስልን ሳያጸዱ መስፋት ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ አልነግርም። ሁለተኛው የተበላውን ብቻ ቆርጦ አውጥቶ፣ እንደ ድሮው በጋለ ሪቬት መግጠም ነው። ይህን የሚችል ሰው ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሰባት ወር ጠብቀን ሁለተኛውን መረጥን። የተቀየረው ክፍል ሁለት ሜትር አይሞላም። የሌላው ሁሉ ሪቬት የ1936ቱ ነው።

ሞተሩ ደግሞ 11 ዓመት ሳይነሳ ቆይቷል። በጭስ ማውጫው ዝናብ ገብቶ (ጣሳው አልነበረም!) ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀዋል። የምናምነው ሰው ሁሉ «አውጥታችሁ ጣሉት፣ አዲስ ግቡበት» አለን። አዲሱ ቁልፍ ስትዞር ይነሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም በማግስቱ በር ላይ ይደርሳል። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ መሐንዲስ ነው፣ ስሜት አያሸንፈውም። ያሸነፈው ሌላ ነገር ነው፦ ቴስታታው ሲነሳ፣ ከውስጥ ያለው ብረት ከሞላ ጎደል ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የታመመ እንጂ የሞተ አልነበረም። ናፍጣና ዘይት እየሞላን አምስት ሳምንት ዘፈዘፍነው፤ መዶሻ አላነሳንም። በስድስተኛው ሳምንት አንዱ ፒስተን የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ። የቢዬላዎቹ መያዣ ውስጥ ያለው ለስላሳ ነጭ ብረት አልቆ ስለነበር እንደገና በቆርቆሮ ቅይጥ ተፈስሶ፣ በኮሎው ልክ ተፋቀ። ይህም የእጅ ሥራ ነው።

እግረ መንገዴን እንደ ሐኪም የምለው አለ፣ በተለይ አሮጌ ማሽን ለምትነካኩ። የጭስ ማውጫው ላይ የተጠመጠመው ነጭ ጨርቅ መሰል ነገር አስቤስቶስ ነበር። ዛሬ የተነፈስከው ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ በሜሶቴሊዮማ ይመጣብሃል። እኛ አልነካነውም፤ ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች መጥተው አወጡት። የድሮ ቀለም እርሳስ አለበትና በደረቁ አይፋቅም። ጎጆዋ ውስጥ የከሰል ምድጃ ስላለ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይሰቀል አንድም ሌሊት አይታደርም። ካናል ውሃ ውስጥ ደግሞ የአይጥ ሽንት አለ፤ የተቆረጠ ጣት ሳይሸፈን አይገባም። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የጀልባ ጎረቤታችን ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ይዞት «ጉንፋን ነው» ሲል ዓይኑን አይቼ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይመርመሩልህ ብዬ ላክሁት፤ ነበረበት፣ ዳነ።

ሞተሩ በማኖቤላ ነው የሚነሳው። ቫልቮቹን ክፍት የሚያደርጉ ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ እነሱን ከፍተህ በእጅህ ታዞራለህ፣ ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ አንዱን ትጥላለህ፣ አንዱ ሲሊንደር ይነሳል፣ ከዚያ ሁለተኛውን። አውራ ጣት እጀታውን አያቅፍም፣ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሆናል። ሞተሩ ከረገጠ የራዲየስ ጫፍ ነው የሚሰበረው። አጥንት ሕክምና ላይ «ሾፈርስ ፍራክቸር» ብለን የሸመደድነው ስብራት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ማኖቤላ ነው። ስሙን ሃያ ዓመት ሳውቀው ትርጉሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጀልባ ላይ የተወለዱ የ84 ዓመት አዛውንት ናቸው። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፣ ትርጉሙንም ነግሬያቸዋለሁ። ከ1962 ወደ 63 በነበረው ክረምት ካናሉ ለሳምንታት በረዶ ሆኖ ጀልባዎቹ ባሉበት ቆሙ፤ በ1963 ደግሞ የመንግሥቱ ድርጅት አብዛኛውን የጭነት ሥራ አቆመ። እሳቸውም ያኔ ነው ወርደው ፋብሪካ የገቡት። ሞተራችን መጀመሪያ የተነሳ ቀን ብረት አልነኩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙና «ሁለተኛው ሰነፍ ነው፣ መርጫውን እዩት» አሉ። ስናየው እውነትም የነዳጅ መርጫው ይንጠባጠባል። ስቴቶስኮፕ ሳይኖራቸው!

ጎንደር ተማሪ ሳለን ጎርጎራ ሄደን ታንኳ ሲሠራ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ደንገሉ በጥቂት ወራት ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል። ማንም «ታንኳ ጠፋ» አይልም፣ የሚያስረው ሰው አለና። እንግሊዞቹ ጋ ተገልብጧል። ጀልባዋ 1936ትን አልፋ እዚህ አለች፣ ሪቬት መቺው፣ ነጭ ብረት አፍሳሹ፣ በጆሮው መርጫ የሚለየው ሰው ነው እያለቀ ያለው። ስለዚህ ባለቤቴ «አዲስ ላሜራ ከገባ ያው ጀልባ ናት ወይ?» ብሎ ሲከራከር፣ እኔን ያስጨነቀኝ ላሜራው አልነበረም። ባለፈው ክረምት አባባ በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። ሲወጡ በየሳምንቱ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መቅዳት ጀመርኩ። እስካሁን 14 ሰዓት ድምፅ አለኝ፦ በረዶ እንዴት እንደሚሰበር፣ ሲስተር ሜሪ ቁስል እንዴት እንደሚያጥቡ እናታቸው የነገሯቸው፣ እያንዳንዱ ሞተር ሲታመም ምን እንደሚል። የሞተሩን ድምፅ በአፋቸው ያወጡታል። ቀረጻው ላይ ልጄ ከኋላ ስትስቅ ይሰማል።

የቀረን ሥራ የጎጆዋ ቀለም ነው፤ በሮቿ ላይ በባህሉ ጽጌረዳና ግንብ ይሣላል፣ እኔ አልችልበትም፣ ሰው እየጠበቅን ነው። በመጪው ሐምሌ ደግሞ ታርዴቢግን ለመውጣት አስበናል። ተከታትለው 30 ሎኮች ናቸው፣ ጀልባዋን 67 ሜትር ሽቅብ ያወጣሉ፣ እያንዳንዱ በር በእጅ ነው የሚከፈተው። አባባ መሪውን ይይዛሉ። እኔና ባለቤቴ ብቻችንን አንችለውም። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ወይም ለጉብኝት የምትመጡ፣ የሥራ ጓንትና የዝናብ ካፖርት ይዛችሁ ኑ፤ ምሳ ከእኔ ነው። ኦርቶፔዲክስ የመረጣችሁ ቅድሚያ አላችሁ።