ሸራውን ቀንሱ



በአውስትራሊያ በየዓመቱ የገና ማግስት የሸራ ጀልባዎች ከሲድኒ ተነስተው እስከ ሆባርት ይሽቀዳደማሉ። መንገዱ በአስቸጋሪው የባስ ሰርጥ በኩል ነው። እዚያ ነፋሱ ሲነሳ፣ ማዕበሉ ሲቆጣ፣ የትንሿ ጀልባ ብልህ መሪ ምን ያደርጋል?

ሸራውን ይቀንሳል። ነፋሱ ሳይበረታ ይቀንሳል። ሌላው ሲጣደፍም ይቀንሳል።

ፈርቶ አይደለም። ከልክ ያለፈ ሸራ ጀልባዋን ያጋድላታል፤ ለመሪዋም አልታዘዝ ትላለች። ሸራው ሲያንስ ግን ትረጋጋለች። ስትረጋጋ ትጓዛለች።

እኛስ ዛሬ? የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ ይሆናል። ሥራው ተደራርቦ ይሆናል። ቤት ውስጥ ክፉ ቃል ተሰምቶ ይሆናል። ነፋሱን ማቆም አንችልም። ሸራችንን መቀነስ ግን እንችላለን። ድምፃችንን እንቀንስ። ጥድፊያችንን እንቀንስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

መቀነስ መሸነፍ አይደለም።