የእንሰት ጓሮና የዘር ምሥጢር
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ከቡታጅራ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር አንዲት አዛውንት እናታችንን ለመዘየር ሄደን ነበር። ቡናው ሳይፈላ እጃችንን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱን። ለዓመታት የለፉበት እንሰት መሐል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተዘልፍልፏል፤ ግንዱን ቆረጥ ሲያደርጉት መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። «ሸይኽ፣ አጥሩን አሻግረው ይመልከቱ፤ የጎረቤቴ እንሰት እንደለመለመ ነው። የኔ ብቻ ለምን ጠፋ? ዓይኗ ካላረፈበት በቀር!» አሉን። ሁለቱ ሴቶች ቡና መጠራራት ካቆሙ ወር አልፏቸው ነበር።

ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ ተነግሮናል። ነገር ግን ያለ ማስረጃ ጎረቤትን መጠርጠር ወንጀል ነው። የሚታወቅ ሰበብ ባለበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ሰበቡን መመርመር ከአንድ ሙስሊም ይጠበቃል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ሰጥተውናል። ከበኒ ፈዛራ ጎሳ የሆነ ሰው ወደ እርሳቸው መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደችለት ነገራቸው፤ በአነጋገሩ ሚስቱን መጠርጠሩ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ግመሎቹ ቀያይ ቢሆኑም በመካከላቸው አመድማ እንዳሉባቸው ሰውየው አመነ። ከየት እንደመጡ ሲጠየቅ፣ ምናልባት የጥንት ዘር ስቧቸው ይሆናል አለ። የልጅህም ነገር እንዲሁ ሊሆን ይችላል በማለት የጥርጣሬውን በር ዘጉበት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እንግዲህ ዘር እንዴት ይደበቃል? እንዴትስ ተመልሶ ብቅ ይላል? በእያንዳንዱ ተክል ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ክሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ ከጥንዱ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ነው። ገብስ 7፣ እንሰት 9፣ በቆሎ 10፣ ጤፍ 20 ጥንድ አላቸው። ዘረመሎች በክሩ ላይ እንደ ሙስበሓ ፍሬ ተደርድረዋል። አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሙስበሓ ፈትታችሁ ጎን ለጎን አጋድሟቸው። ሁለቱን በአንድ ቦታ ላይ ቆርጣችሁ ጫፋቸውን አለዋውጣችሁ ብትቋጥሩ፣ ከፊሉ ነጭ ከፊሉ ጥቁር የሆነ አዲስ ሙስበሓ ታገኛላችሁ። ተክል ለዘር የሚሆኑትን ሕዋሳት ሲያዘጋጅ የሚሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሐሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊያት ተመራማሪዎች የበቆሎ ክሮሞዞሞች በእርግጥ ቁራጭ እንደሚለዋወጡ በማይክሮስኮፕ አይተው አረጋግጠዋል።

ታዲያ ይህ ልውውጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ሥርዓት አለው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይለዋወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይለዋወጥም። አንድ ቦታ ላይ ልውውጥ ከተደረገ በቅርብ ርቀት ሌላ መደረጉ ብርቅ ነው። ሁለተኛ፣ የክሩ አጠቃለል ይወስነዋል። የክሮሞዞሙ ቋጠሮ ባለበት ሰፈር ክሩ ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሏል፤ ወደ ጫፉ ላላ ይላል። በገብስና በስንዴ ልውውጡ በአብዛኛው ወደ ጫፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። መሐል ላይ ያሉ ዘረመሎች ግን እንደ ታሰረ ሸክም አንድ ላይ ይወረሳሉ። ሦስተኛ፣ ሙቀት የራሱ ድርሻ አለው፤ ተመራማሪዎች ገብስን ከፍ ባለ ሙቀት ሲያበቅሉ የልውውጡ ቦታ ሲቀየር ተመልክተዋል። አራተኛ፣ ሁለቱ ክሮች መመሳሰል አለባቸው። የዳቦ ስንዴ የሦስት የዱር ሣሮች ዘር የተሰባሰበበት ነው፤ ዘመድ እንጂ መንትያ ያልሆኑ ክሮች እንዳይጣመሩ የሚከለክል ዘረመል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1958 ታውቋል። ሱብሐነላህ!

አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱም ሙስበሓዎች ነጭ ከሆኑ ቢለዋወጡም የሚመጣ አዲስ ነገር የለም። ጤፍ በራሱ ብናኝ የሚዳቀል በመሆኑ ነገሩ እንዲህ ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሁለት የጤፍ ዓይነቶችን ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። ዶ/ር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደሚከፈት ተረድተው የማዳቀያውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳወቁ። ከዚህ በኋላ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የአንዱ ጤፍ ምርታማነት ከሌላው ጤፍ ንጣት ጋር ተዳቅሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቁንጮ» ለገበሬ ወጣ። ዛሬ በየቤታችን የሚጋገረው እንጀራ የዚያ የማለዳ ትዕግሥት ፍሬ አለበት።

የአገራችን ገብስም ባሕር ተሻግሯል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ፣ በቅጠል ላይ ዱቄት መስሎ የሚታየውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ። ነገር ግን መልካሙ ነገር ብቻውን አልመጣም፤ የቅጠል ነጠብጣብና የምርት መቀነስ ተከትሎት ነበር። አዳቃዮቹ ደጋግመው እያዳቀሉና እየመረጡ ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይህን ዘረመል የያዘ ገብስ በአውሮፓ ማሳ ላይ መዘራት ጀመረ። ከአንድ የኢትዮጵያ ገበሬ ጎተራ የወጣ እፍኝ ገብስ የብዙ አገር ማሳ ጠበቀ ማለት ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጓሮ እንመለስ። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ እኛ ደግሞ ሳያብብ እንፍቀዋለን። የምናባዛው በዘር ሳይሆን ከአሚቾው በሚፈላ ቡቃያ ነው። አባቶቻችን ይህን የመረጡት በምክንያት ነው። ከዘር የበቀለ እንሰት ክሮቹ ስለሚለዋወጡ እናቱን አይመስልም፤ ቡቃያው ግን የእናቱን ጠባይ እንዳለ ይዞ ይወጣል። ቡላው ያማረው እንሰት ልጁም ቡላው ያማረ ነው። ነገር ግን እናትየዋ ያልቻለችውን በሽታ ልጆቿም አይችሉትም። ብንጠይቃቸው የእናታችን ባለቤት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ጓሮውን በሙሉ የሞሉት ከአንድ ዓይነት እንሰት ነበር። ጎረቤቲቱ ግን በርካታ ዓይነት ቀላቅላ ተክላለች። በዚያ ላይ እናታችን ቢላዋ የተዋሱት እንሰቱ ከታመመበት ቤት ኖሯል። የእንሰት አጠውልግ የሚባለውን ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በጽሑፍ አሳውቀዋል፤ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ፈጽሞ የማይነካው የእንሰት ዓይነት አልተገኘም፤ በተሻለ የሚቋቋሙት ግን አሉ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንሰት 20 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆን ሕዝብ ምግቡ ነው። ከጓሮ የጠፋ የእንሰት ዓይነት ደግሞ በገንዘብ አይመለስም፤ ዘሩን ዘርተን እርሱኑ አናገኘውምና። ነገ የሚቋቋም እንሰት ለማዳቀል የሚፈልግ ተመራማሪ የሚለዋወጥ የተለያየ ክር ይፈልጋል፤ ያ ክር ያለው በእናቶቻችን ጓሮ ነው። ስለዚህ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ ጓሮአችሁን በአንድ ዓይነት አትሙሉት። ቢላዋና መፋቂያ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ። የታመመው እንሰት ከነሥሩ ተነቅሎ ይቀበር፤ ከብትም አይብላው። በቦታው ወዲያው እንሰት አይተከል፤ ለጊዜው ሌላ ሰብል ይዘራበት። ቡቃያ ስትወስዱም ከጤነኛ ጓሮ ይሁን።

ይህን ሁሉ ለእናታችን በነገርናቸው ጊዜ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲህ የበደልኳት እኔ ነኛ!» አሉ። በማግሥቱ አጥሩን ዞረው ሄደው ዐውፍ ተባባሉ። ጎረቤቲቱም ሦስት ዓይነት ቡቃያ ሰጠቻቸው፤ ከታመመው ርቆ ባለው የጓሮ ጫፍ አብረው ተከሉት።

ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጃችን ያለውን ችግኝ እንድንተክል የታዘዝን ሕዝቦች ነን። አላህ (ሱ.ወ) ጓሮአችንን ይባርክልን፤ ከመጥፎ ጥርጣሬ ልባችንን ያጽዳልን፤ የተሰጠንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።