ፒክአፕና የጭነቱ ልክ



የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ የሚገዛው ፒክአፕ በሥራ ቀን ቤተ ሰብ፥ በበዓል ደግሞ እህል ያመላልሳል። ስለዚህ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጉብሬ የሚኖር ባለመኪና፥ ፒክአፑን ገና እንደ ገዛ «ባሌስትራ ይጨመርለት» የሚል ምክር ቢሰማ አያስደንቅም። ምክሩ ግን ግማሽ እውነት ነው።

ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል፤ ሲጫንም አይጎብጥም። ፍሬኑ፥ ጎማውና ሻንሲው ግን እንደ ነበሩ ናቸው። ይኸው ሰው ትርፍ ጭኖ በወልቂጤ በኩል ወደ ጅማ ቢጓዝ፥ የጊቤ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በዚያ ፍሬኑን ሳያቋርጥ የረገጠ እንደ ሆነ ፍሬኑ እጅግ ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ መግባት የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ፋብሪካው የሚወስነው የጭነት ልክ ተሳፋሪዎችን ጭምር የሚይዝ መሆኑ አይዘንጋ። ልኩ 1,000 ኪሎ ቢሆን፥ እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ 5 ሰዎች 350ውን ይወስዳሉ፤ ለእህሉ የሚቀረው 6 ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። በኋላ የሚገጠመው የብረት ስፖንዳም ከዚሁ ይቀነሳል።

እንግዲህ ለባሌስትራ የታሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለፍሬን ሸራ፥ ለፍሬን ዘይትና ለጎማ ይዋል። ከእህሉ ጋር የሚሳፈሩት ልጆቻችን ናቸውና፥ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይበጃል።