የጉበት ጠባሳን በሞገድ መለካት፦ ቁጥሩ ምን ይነግረናል?



ሄፓታይተስ ቢ አንዳች ሕመም ሳያሰማ በጉበት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በአገራችን «የወፍ በሽታ» የሚባለው የዓይን ቢጫነት እስኪታይ ወይም ሆድ ውኃ እስኪቋጥር የቆየ ሕመምተኛ፣ ወደ ሐኪም የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ጉበቱ በጠባሳ ከተወረረ በኋላ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ መኖሩን ማወቅ አይበቃም፤ ጠባሳው ምን ያህል እንደ ገፋ መታወቅ አለበት። ቴኖፎቪር የሚጀምረውና በክትትል ብቻ የሚቆየው ሕመምተኛ በአብዛኛው የሚለየው በዚህ ነው።

ቀደም ሲል መልሱ የሚገኘው ከጉበት በመርፌ ናሙና በመውሰድ ነበር። ናሙናው ከመላው ጉበት ከሃምሳ ሺህ አንድ እጅ ያህል ሲሆን ጠባሳም በሁሉም ቦታ እኩል አይሰራጭም። የመድማት አደጋም አለው።

እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ የቀረበው ፋይብሮስካን ሌላ መንገድ ከፈተ። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል፤ መሣሪያውም በጎድን አጥንቶች መካከል ቆዳውን በቀስታ ይመታል። ከምቱ የሚነሣው ሞገድ ወደ ጉበት ሲዘልቅ አልትራሳውንዱ ፍጥነቱን ይከታተላል። ሞገዱ በለስላሳ ጉበት ቀስ ብሎ፣ በደነደነ ጉበት ፈጥኖ ይጓዛል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢሆን የጉበቱ ጥንካሬ 3 ኪሎፓስካል ያህል ነው፤ ፍጥነቱ 2 ሜትር ሲሆን ግን ጥንካሬው ወደ 12 ይወጣል። ልኬቱ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተደጋግሞ መካከለኛው ቁጥር ይወሰዳል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው ጥንካሬን እንጂ ጠባሳን አይደለም። የተቆጣ ጉበት፣ በልብ ድካም ምክንያት ደም ያቆረ ጉበት፣ የሐሞት መውጫው የተዘጋበት ጉበትም ይጠነክራል። ምግብ እንኳ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ያህል ሳይበላ መቆየቱ ይጠየቃል፤ በእኔ እምነት ይህ ተራ የሚመስል ጥያቄ ከመሣሪያው ዋጋ አያንስም። የጉበት ኢንዛይሙ እጅግ ከፍ ባለበት ወቅት የተገኘን ቁጥር ይዞ «ሲሮሲስ ነው» ማለትም መቸኮል ነው፤ ቁጣው ሲበርድ ልኬቱ ይደገም።

መሣሪያው በሌለበትስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበው ኤፕሪ የተባለውን፣ ከአንድ የጉበት ኢንዛይምና ከፕሌትሌት ብዛት የሚሰላውን ቁጥር ነበር፤ ከ2 በላይ ሲሆን ሲሮሲስ እንዳለ ይገመታል። አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተደረገውና በ2017 የታተመው ጥናት ግን፣ ይህ ወሰን በፋይብሮስካን ከተለዩት ሕመምተኞች የሚያገኘው ጥቂቱን ብቻ መሆኑን አሳየ። ድርጅቱ በ2024 ወሰኑን ዝቅ አድርጎታል፦ ለሲሮሲስ ኤፕሪ ከ1 በላይ ወይም ፋይብሮስካን ከ12.5 ኪሎፓስካል በላይ፤ ጉልህ ለሆነ ጠባሳ ደግሞ ከ0.5 ወይም ከ7 በላይ።

ወሰኑ ዝቅ ሲል ጠባሳ የሌለባቸው አንዳንድ ሰዎችም መድኃኒት መጀመራቸው አይቀርም። ይህን አላቃልለውም፤ በየቀኑ ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ የኩላሊት ክትትልም ይጠይቃል። ሆኖም ኤፕሪው 1.3 የሆነ ሕመምተኛ በቀድሞው ወሰን ሲሮሲስ የለበትም ተብሎ ሊሸኝ ይችል ነበር። ከሁለቱ ስሕተቶች ይህኛው ይከብደኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።