ከረገፈ ቅጠል የሚገኝ ቀለም፤ ጥቅሙና ልኩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በኢትዮጵያ መጸው ሲባል መስኩ በአበባ የሚያጌጥበት፣ እህሉም የሚያሽትበት ወራት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ይኸው ወራት የዛፍ ቅጠል ቀልቶና ቢጫ ሆኖ የሚረግፍበት ነው። በዚያ ያሉ የእጅ ሙያተኞች የረገፈውን ቅጠል ለቅመው፣ በጨርቅ ላይ ደርድረው፣ ጠቅልለውና አስረው በእንፋሎት በማብሰል የቅጠሉን መልክ ከነጅማቱ በጨርቁ ላይ ያትማሉ። ይህም ዘዴ፣ በተለይ አውስትራሊያዊቷ ኢንዲያ ፍሊንት እ.ኤ.አ. በ2008 «ኢኮ ከለር» የተባለውን መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ፣ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ሥራው «ተፈጥሯዊ» በመባሉ ብቻ ጉዳት የለውም ሲባል ይሰማል። ይህ አባባል ግን እንደ ማናቸውም የምርት ሥራ በሚዛንና በመስፈሪያ ሊፈተን ይገባዋል። የዚህ ንግግር ዓላማም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ በጨርቁ ላይ የሚቀረው ቀለም ዐይን በቅጠሉ ላይ የሚያየው ቀለም አለመሆኑ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ አረንጓዴው ክሎሮፊል ይፈርሳል፤ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ካሮቲኖይድ ይገለጣል፤ በአንዳንድ ዛፎችም ቀዩ አንቶሲያኒን በአዲስ ይሠራል። ይሁን እንጂ ካሮቲኖይድ በውሃ የማይሟሟ በመሆኑ ከጨርቁ ጋር እምብዛም አይዋሐድም፤ አንቶሲያኒንም በአሲድና በአልካሊ መልኩን የሚለዋውጥ፣ በፀሐይም ፈጥኖ የሚደበዝዝ ነው። ይበልጥ ጸንተው የሚቀሩት ታኒንና ፍላቮኖይድ የተባሉት ናቸው። ታኒን ቆዳ የሚለፋበት ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከብረት ጋር ሲገናኝ ወደ ጥቁርነት ያደላል። በመሆኑም እንደ ደም የቀላ የሜፕል ቅጠል የብረት ጨው በነካው ጨርቅ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ፣ የሚተወው ዐሻራ ግራጫ ወይም ጥቁር ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ጨርቁ አስቀድሞ ከቅባትና ከሰም እንዲጠራ ይታጠባል። ቀጥሎ ቀለምን ከክር ጋር የሚያስተሳስር የብረታ ብረት ጨው፣ በሙያው ቋንቋ ሞርዳንት የሚባለው፣ ይሰጠዋል። ለ100 ግራም ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም አሉም የተለመደ ልክ ሲሆን፣ የብረት ሰልፌት ግን ከ2 እስከ 4 ግራም ይበቃል። ሱፍና ሐር ፕሮቲን በመሆናቸው ቀለሙን በቀላሉ ይቀበላሉ፤ ጥጥ ግን ሴሉሎስ ስለ ሆነ ከሞርዳንቱ በፊት በታኒን ቢነከር ይበጃል። ከዚያም የቅጠሉ ጅማት የጎላበት ጀርባ ጨርቁን እንዲነካ ተደርጎ ይዘረጋል፤ ጨርቁ በዱላ ላይ ጠብቆ ይጠቀለልና በገመድ ይታሰራል። ማሰሪያው ከላላ ውሃ በመካከል ይገባና የቅጠሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። ከ1 እስከ 2 ሰዓት በእንፋሎት ከቆየ በኋላ እስኪበርድ ተትቶ ይፈታል።

ወደ ሚዛኑ ሲመጣ ሦስት ነገሮች ይነሣሉ። አንደኛው የጨው ጉዳይ ነው። አሉም ለውሃ ማጣሪያ የሚያገለግል በመሆኑ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ቀለሙን ለመለወጥ ሲባል የመዳብ ሰልፌት ወይም ፖታሲየም ዳይክሮሜት የሚጨምሩ አሉ። መዳብ በወንዝ ውስጥ ለዓሣ ጠንቅ ነው፤ ዳይክሮሜትም ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ነው። ቅጠሉ ከዛፍ ስለ ተገኘ ብቻ የሚደፋው ውሃ ንጹሕ አይሆንም።

ሁለተኛው የጨርቁ ዕድሜ ነው። አውሮፓውያን ለብዙ ምዕት ዓመታት የጻፉበት ጥቁር ቀለም የሚሠራው ከብረትና ከታኒን ነበር፤ ይኸው ቀለም የተጻፈበትን ወረቀት እየበላ ማጥፋቱ ይታወቃል። ብረት የበዛበት ጥጥም እንዲሁ ከጊዜ በኋላ ይሳሳል።

ሦስተኛውና እምብዛም የማይነሣው የማገዶ ጉዳይ ነው። እንፋሎቱ 2 ሰዓት ሙሉ በእንጨት እሳት የሚገኝ ከሆነ፣ በነጻ የተለቀመው ቅጠል የተቆረጠውን ዛፍ አይክስም። ክዳኑ የገጠመ ዕቃና በአንድ እሳት ብዙ ጥቅል ማብሰል ወጪውን ይቀንሳሉ፤ ይህም የመሐንዲስ ሥራ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 ሰው ሠራሹን ሐምራዊ ቀለም ካገኘ ወዲህ ፋብሪካ ሺህ ሜትር ጨርቅ በአንድ መልክ ያቀልማል። የቅጠል ኅትመት ይህን ሊተካ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ አንድ ዐይነት ሆኖ አይወጣምና። ዋጋውም ያለው በዚሁ ልዩነቱ ነው።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የሜፕል ቅጠል ሳይሆን ባሕር ዛፍ ነው። ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነውና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የገባው ይህ ዛፍ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል። አንዳንድ የባሕር ዛፍ ዐይነቶችም ያለ ምንም ሞርዳንት በሱፍ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ያሳርፋሉ። እንግዲህ ነጩም ሆነ ቀዩ ባሕር ዛፍ በሸማኔው ጥጥ ላይ ምን እንደሚሰጥ፣ ስንት ሊትር ውሃና ስንት ኪሎ ማገዶ እንደሚፈጅ፣ ከስንት እጥበትና ከስንት ቀን ፀሐይ በኋላ እንደሚደበዝዝ ተለክቶ በጽሑፍ ሊቀመጥ ይገባል። ሸማኔው ነጠላውን ለዚህ ሥራ አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ይህን የማወቅ መብት አለው፤ ልኬቱን አቅርቦ ማሳየትም የማኅበሩ አባላት ድርሻ ነው።